ውክልና፣ ስጦታ፣ ኑዛዜ፦ ወላጆች በጤና ሳሉ ማለቅ ያለባቸው ወረቀቶች

አባት ለበኩር ልጃቸው «ሙሉ ውክልና» ሰጥተዋል፤ ቤተሰቡም ነገሩ ያለቀ መስሎት ተቀምጧል። በአብዛኛው ቤት የሚፈጠረው ስህተት ይኸው ነው። ውክልና ሰውየው በሕይወትና በሙሉ አእምሮ ሳሉ ሌላ ሰው እንዲሠራላቸው የሚሰጡት ሥልጣን ነው። ስጦታ ንብረቱን ዛሬውኑ አሳልፎ መስጠት ነው። ኑዛዜ ደግሞ ከሞት በኋላ የሚሠራ ቃል ነው። ሦስቱ በየራሳቸው ፎርም፣ በየራሳቸው ምስክርና በየራሳቸው ጊዜ ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ የጋራ ነገር ግን አለ፦ ባለቤቱ ራሳቸው ተረድተው፣ ራሳቸው ተናግረው፣ ራሳቸው መፈረም አለባቸው። መርሳት ከጀመሩ በኋላ የሚሮጥ ቤተሰብ የሚያገኘው ወረቀት ቢበዛ ሊፈርስ የሚችል ወረቀት ነው።

ከዚህ በታች ያለው በኢትዮጵያ ሕግ፣ በተለይ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። በቤተሰብና በገጠር መሬት ጉዳይ ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

መጀመሪያ ስሞቹን አስተካክሉ

ኑዛዜ ከመጻፉና ውክልና ከመሰጠቱ በፊት የሚሠራ አሰልቺ ሥራ አለ። የወላጆችን ወረቀቶች በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፦ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የቤቱ ካርታና ፕላን (ገጠር ከሆነ የመሬት ይዞታ ደብተር)፣ የባንክ ደብተር፣ የጡረታ ደብተር፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመኪና ሊብሬ፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የእድር ደብተር። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ካርታው ላይ «ወ/ማርያም»፣ ባንክ ላይ «ወልደማርያም»፣ ጡረታ ላይ ደግሞ የአያት ስም የሌለበት ሆኖ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። አንዳንድ እናቶች በክርስትና ስማቸው ካርታ አውጥተው በዓለም ስማቸው መታወቂያ ይዘዋል። እሳቸው በሕይወት እያሉ ይህ ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ቀርበው «ሁለቱም እኔ ነኝ» ይላሉ፣ የወረዳ ማስረጃ ይጻፋል፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት በምስክር ያረጋግጣል። ከሞቱ በኋላ ግን ወራሾቹ «ሟች እገሌና በካርታው ላይ ያሉት እገሌ አንድ ሰው ናቸው» የሚል የፍርድ ቤት ውሳኔ ለማግኘት ወራት ይፈጅባቸዋል፤ የሚያውቁት ጎረቤቶችም አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ለዚህ ሥራ ከዛሬ የተሻለ ቀን የለም።

በዚያው ቀን አንድ ዝርዝር ጻፉ፦ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ፣ ማን ምን ያህል ተበድሯል፣ ለማን ምን ያህል ተሰጥቷል። ወላጆች ለዘመድ ያበደሩትን በቃል ብቻ ይዘው ይኖራሉ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በክርክር ጊዜ በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም ካልማለ በቀር በሰው ምስክር አይረጋገጥም። የ500 ብር ጣሪያ ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ አንድ ቀን የገበያ ወጪ የማይሸፍን ቢሆንም ሕጉ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ አበዳሪው በሕይወት ሳሉ ተበዳሪውን ጠርቶ በሁለት ምስክር ፊት አንድ ገጽ ማስፈረም ይበጃል።

ውክልና፦ ምን ይሠራል፣ የት ላይ ይቆማል

ውክልና የሚሰጠው በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» በምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ያልተረጋገጠና ያልተመዘገበ ውክልና በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ቤት ውስጥ ተጽፎ በጎረቤት ምስክርነት የተፈረመ ውክልና ባንክ በር ላይ ይመለሳል። ወካዩ በአካል ቀርበው፣ መታወቂያ አሳይተው፣ በሠራተኛው ፊት ይፈርማሉ። የጋብቻ ሁኔታም ይጠየቃል፤ ንብረቱ የጋራ ከሆነ የባልም የሚስትም ፊርማ ስለሚያስፈልግ ሁለቱም አብረው ቢሄዱ ሁለተኛ ጉዞ ይቀራል። መራመድ የማይችሉ ወይም ሆስፒታል የተኙ ሰው ካሉ ሠራተኛ ያሉበት ድረስ እንዲመጣ ማመልከት ይቻላል። ሠራተኛው ሲመጣ ሰውየውን ራሳቸውን ያነጋግራል፤ ልጅ በጎን ሆኖ የሚመልስላቸው ከሆነ ላያረጋግጥ ይችላል፣ ማረጋገጥም የለበትም።

የውክልናው ይዘት ላይ ሰዎች «ሙሉ ውክልና» የሚለውን ቃል ከመጠን በላይ ያምኑታል። በሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ኪራይና ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስና ለመከሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ሥልጣኑ በስም ተጠርቶ መጻፍ አለበት። «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» የሚል ወረቀት ይዞ ቤት ሊሸጥ የሄደ ልጅ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ሁሉንም ሥልጣን ደርድሮ መስጠት ነው ወይ? አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ የሚበጀው ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው ለዕለት ተዕለት ጉዳይ፦ ጡረታ መቀበል፣ ከተወሰነ ባንክና ሂሳብ ቁጥር ገንዘብ ማውጣት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ግብር መክፈል፣ የሕክምና ማስረጃ መውሰድ። ሁለተኛው፣ በእርግጥ የሚሸጥ ነገር ካለ ብቻ፣ የካርታ ቁጥሩን ጠቅሶ ለዚያ አንድ ንብረት የሚሰጥ። «የመሸጥ፣ የመለወጥ፣ በስሙ የማዞር» ሥልጣን ለአንድ ልጅ ሰጥቶ ወንድምና እህቶቹ ሳያውቁ ማስቀመጥ የቤተሰብ ጠብ መዝራት ነው። ተወካዩ ንብረቱን ለራሱ ከሸጠ ወካዩ ውሉን ማስፈረስ እንደሚችሉ ሕጉ ይላል፤ ማስፈረስ ግን የፍርድ ቤት ዓመታት ነው።

ወካዩ በፈለጉ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላሉ። መሻሩ እዚያው ውልና ማስረጃ ተመዝግቦ፣ ቅጂው ለባንኩና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መድረስ አለበት። ባንኩ ሳያውቅ የተሻረ ውክልና አሁንም ገንዘብ ያወጣል።

አሁን ዋናው ነጥብ። ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞቱ ወይም ችሎታ ሲያጡ ቀሪ ይሆናል። አባት ባረፉ ማግስት በውክልና ገንዘብ ያወጣ ልጅ፣ ለቀብር ቢሆንም እንኳ፣ በኋላ ወራሾች ሲከሱት መልስ ያጣል። የመርሳት በሽታ የጀመራቸው ሰውም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል፦ ሰውየው የሚፈርሙትን የማይረዱበት ደረጃ ከደረሱ አዲስ ውክልና አይሰጡም፣ የቀድሞውም ጥያቄ ይነሣበታል።

አእምሮ ከደከመ በኋላ

እዚህ ደረጃ ላይ ያለው መንገድ በፍርድ መከልከል፣ ማለትም ሰውየው ብቻቸውን ውል እንዳይፈርሙና ንብረታቸውን እንዳያስተዳድሩ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ ነው። ስሙ ከበድ ይላል፤ ዓላማው ግን ሰውየውን መጠበቅ ነው። ማመልከት የሚችሉት ራሳቸው፣ የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። የሕክምና ማስረጃ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም ስለ ሁኔታቸው በራሱ ያረጋግጣል። ከተፈቀደ ለአካላቸው አሳዳሪ፣ ለንብረታቸው ሞግዚት ይሾማል፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል።

በፍርድ የተከለከለ ሰው ከዚያ በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም። ከመከልከሉ በፊት ያደረገው ኑዛዜ ግን ይጸናል። ስለዚህ የመጀመሪያው የመርሳት ምልክት ሲታይ፣ ሐኪሙ «ገና ይረዳሉ» በሚልበት ጊዜ፣ ኑዛዜውን ማስቀደም ነው እንጂ ክልከላውን አይደለም። በዚያው ሳምንት ሐኪም ስለ አእምሯቸው ሁኔታ የጻፈው ማስረጃ ከኑዛዜው ጋር ቢቀመጥ በኋላ «አእምሯቸውን ስተው ነበር» የሚለውን ክርክር ግማሹን ያስቀራል።

ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው፣ ወይም በቋሚ ሕመም ምክንያት ንብረታቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ ሰዎችም፣ አእምሯቸው ሙሉ ቢሆንም፣ ከፈለጉ ይህንኑ የሕግ ጥበቃ መጠየቅ ይችላሉ። እንዲሁም ማየት የማይችል ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የእማማን አውራ ጣት ሳሎን ውስጥ ቀለም አስነክሮ ቤት «የገዛ» ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው፤ እማማም ቢያውቁ የበለጠ ደግ ነው።

ስጦታ፦ የማይመለስ በር

«ከሞትኩ በኋላ ከሚጣሉ ዛሬውኑ ላዙርላቸው» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም፤ ይህም ማለት ቀጥሎ የምናየው የምስክርና የንባብ ሥርዓት ይመለከተዋል። ከባዱ ነገር ግን ፎርሙ ሳይሆን ውጤቱ ነው። ስሙ ከዞረ ቤቱ የልጁ ነው፤ ልጁ ሊያስይዘው፣ ሊሸጠው፣ በፍቺ ክርክር ሊገባበት ይችላል። እናት በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ።

ስጦታ መስጠት ግድ ከሆነ በውሉ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ ሰጪው እስከ ዕለተ ሞታቸው የአላባ መብት ማለትም በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመውሰድ መብት እንደያዙ ይቀራሉ። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ የሚጦርበት ግዴታ በቁጥር፦ በየወሩ ይህን ያህል ብር፣ የሕክምና ወጪ፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ። «ሊጦረኝ» የሚል ባዶ ቃል ፍርድ ቤት ቀርቦ አያስጨብጥም።

ባልና ሚስት ካሉ፣ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም፣ ለመስጠትም፣ ለማስያዝም የሁለቱ ስምምነት ይጠይቃል። ካርታው በአባት ስም ብቻ መሆኑ የግላቸው አያደርገውም፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል።

ከስጦታ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ወጥመድ ዋስትና ነው። ልጅ ንግድ ሊጀምር የወላጆቹን ቤት ለባንክ ያስይዛል። ዋስ የሚሆኑ ወላጆች የዋስትናው ከፍተኛ ገንዘብ በቁጥር መጻፉን ሳያዩ አይፈርሙ፤ ጣሪያው ያልተጻፈበት ዋስትና በሕግ ዋጋ የለውም፤ ባንክም ያለ ጣሪያ አያስፈርምም። ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ንግድ ቢከስር እኔ የት ልኖር ነው?»

ኑዛዜ፦ የሚፈርስበት ቦታ ብዙ ጊዜ ፎርሙ ነው

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። የቃል ኑዛዜ ለሁለት ምስክር የሚነገር ሲሆን ወሰኑ ጠባብ ነው፦ የቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ። ተናዛዡ ከተናዘዙ በኋላ ሦስት ወር ከኖሩ ቀሪ ይሆናል። በሞት አልጋ ላይ «ቤቱ ለአንቺ ነው» የሚለው ቃል፣ ሃያ ሰው ቢሰማውም፣ ቤት አያስተላልፍም።

በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረገው ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በእጃቸው መጻፍ አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ሰው የማያውቀው፦ በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ ካልተሰጠ ይቀራል። ሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት የቆየ ውብ የእጅ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ወረቀት ብቻ ነው።

ለሽማግሌዎች የሚመከረው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ተናዛዡ ይናገራሉ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል፤ ወይም ራሳቸው ይጽፋሉ።
2. አራት ምስክሮች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል ይገኛሉ። ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ተሂዶ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል።
3. ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል።
4. መነበቡና የተነበበበት ቀን በኑዛዜው ላይ ራሱ ይጻፋል።
5. ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ፣ ሳይበታተኑ፣ ይፈርማሉ ወይም አሻራ ያደርጋሉ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ ኑዛዜ ወድቋል። በእውነት ተነብቦ ቢሆንም መነበቡ ካልተጻፈ ፎርሙ አልተሟላም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ አይጥፋ፦

«ይህ ኑዛዜ ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. ተናዛዡና ከዚህ በታች ስማችን የተጠቀሰው አራት ምስክሮች በአንድነት በተገኘንበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦ፣ ተናዛዡም ቃሌ ነው ብለው አረጋግጠው፣ ሁላችንም ወዲያውኑ በዚሁ ቦታ ፈርመናል።»

ምስክር የሚሆነው አካለ መጠን የደረሰ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን፤ የሚሰጠው ነገር ይወድቅበታል። ሌላም ተግባራዊ ምክር አለ፦ ምስክሮቹ ከተናዛዡ በዕድሜ የሚያንሱ ይሁኑ። የ80 ዓመት አባት አራት የ80 ዓመት ጓደኞቻቸውን ሲያስፈርሙ፣ ክርክር ሲነሣ የሚመሰክር አይገኝም። እያንዳንዱ ገጽ ቢፈረም ገጽ ለመለወጥ አያመችም።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ መናዘዝ አይችሉም። «እኛ ባልና ሚስት ተስማምተን» ብሎ የሚጀምር የጋራ ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ወረቀት።

ይዘቱ ላይ ደግሞ እነዚህን ማየት ያስፈልጋል። ልጆች በሕጉ እኩል ወራሽ ናቸው፤ በጋብቻም ከጋብቻ ውጭም የተወለደ ልዩነት የለውም። አንዱን ልጅ ከውርስ መንቀል የሚፈልጉ አባት ነቅያለሁ ብለው በግልጽ መጻፍና ምክንያቱን መናገር አለባቸው። ስሙን ዘልሎ ሁሉን ለሌላው መስጠት ልጅን አይነቅልም። ድርሻ ሲያደላድሉም አንዱ ልጅ ያለ ኑዛዜ ሊያገኝ ከሚችለው ላይ ከአንድ አራተኛ በላይ ከጎደለበት ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ ለጧሪዋ ሴት ልጅ ትንሽ ማብለጥ ይቻላል፤ ሁሉንም መስጠት ግን ክስ ይጠራል።

የትዳር ጓደኛ ነገር ብዙ ቤተሰብን ያስደነግጣል። በእኛ ሕግ ሚስት የባሏ፣ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደሉም። ሚስት ከጋራ ሀብት ግማሹን የምትወስደው በውርስ ሳይሆን የራሷ ስለሆነ ነው፤ የባል ግማሽ ወደ ልጆቹ፣ ልጅ ከሌለም ወደ ወላጆቹና ወንድሞቹ መሥመር ይሄዳል። ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ ባልና ሚስት ይህን ሳያውቁ ይኖሩና፣ ባል ሲያርፉ የባል ወንድሞች የቤቱን ግማሽ ይጠይቃሉ። መድኃኒቱ ኑዛዜ ነው፤ ባል ድርሻቸውን ለሚስታቸው፣ ወይም ቢያንስ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ የአላባ መብቱን፣ ሊናዘዙላት ይችላሉ። በተቃራኒው «ቤቴን በሙሉ ለልጄ» ብለው የጋራውን ቤት የተናዘዙ አባት የሚስታቸውን ግማሽ አሳልፈው መስጠት አይችሉም።

የተፈረመው ኑዛዜ አንድ ቅጂ ቤት፣ ዋናው በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ የት እንዳለ ቢያንስ ሁለት ልጆች ይወቁ። ይዘቱን ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

ጡረታና ባንክ

የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይተዳደራሉ፤ መሥሪያ ቤቶቻቸውም ሁለት ናቸው። ባልና ሚስት ጋብቻቸውን በሕይወት ሳሉ ያስመዝግቡ። ጡረተኛው ሲሞት የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች፤ ግን ሚስት መሆኗን ማስረዳት አለባት። በሽማግሌ ፊት ከ40 ዓመት በፊት ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው፣ ባል ካረፉ በኋላ የጋብቻ ማረጋገጫ ፍለጋ ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ወረዳ ሄደው ቢያስመዘግቡ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የባንክ ሂሳብን በልጅና በወላጅ ስም በጋራ መክፈት ይቻላል። ፎርሙ ላይ «አንዱ ሲፈርም» እና «ሁለቱም ሲፈርሙ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ለመድኃኒት መግዣ የሚያመች ሂሳብ፣ ሁለተኛው ለቁጠባ ይሁን። ትልቁን ገንዘብ ከዕለት ሂሳቡ መለየት በስልክ ማጭበርበር ላይም ይጠቅማል። ከባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ የይለፍ ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ባንክ አይደለም። ለወላጆች ይህን ከማስረዳት ይልቅ የሞባይል ባንኪንጉ በቀን የሚያስወጣውን ጣሪያ ቅርንጫፍ ሄዶ ማስቀነስ ይቀላል።

ወላጅ ችግር ላይ ወድቀው ልጆች ካልረዱ ቀለብ በፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚቻልም ይታወቅ፤ ግዴታው ከትዳር ጓደኛ ቀጥሎ በልጆች ላይ ነው። ወላጅ ልጁን ሲከስ ማየት ያማል። ብዙ ጊዜ ግን አቤቱታው ተጽፎ ለሽማግሌ ሲነበብ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ልጆች ውጭ ሲሆኑ

ውጭ ያለ ልጅ የወላጆቹን ጉዳይ አገር ቤት ላለ ሰው ሲወክል፣ ወይም በአባቱ ውርስ ላይ ጠበቃ ሲያቆም፣ ውክልናው ባለበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ሁለቱ ማኅተሞች ከሌሉት መሥሪያ ቤቶች አይቀበሉትም። የስም አጻጻፉ ከወላጅ ወረቀት ጋር እንዲገጥም አስቀድሞ መላክ ነው፤ በፓስፖርት ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚገባ «የእገሌ ልጅ» መሆኑ በወረቀቱ ላይታይ ይችላል። ዜግነት የለወጠ ልጅ ውርሱ ከመከፈቱ፣ ማለትም ወላጁ ከማረፋቸው፣ በፊት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ቢያወጣ ቤት በስሙ ሲዞር አይቸገርም።

ሰው ሲያርፍ

ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት፤ ከሆስፒታል የተሰጠውን ማስረጃ አትጣሉ። በሐዘን ሳምንት ከዚህ ሌላ አስቸኳይ ወረቀት የለም። የባንክ ካርዱን ተጠቅሞ ገንዘብ ማውጣት ግን ይቁም፤ የቀብር ወጪውን የከፈለ ሰው ደረሰኙን ያስቀምጥ። ከውርሱ ሀብት መጀመሪያ የሚከፈለው ተገቢው የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ ዕዳዎች ናቸው፤ በኑዛዜ የተሰጠው ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ከዚያ የወራሽነት ማረጋገጫ አቤቱታ ይቀርባል። አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ በከተማው ፍርድ ቤት ይታያል። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ወይም የዝምድና ማስረጃ፣ ኑዛዜ ካለ ኑዛዜው፣ እና ሟቹንና ልጆቻቸውን የሚያውቁ ምስክሮች ይቀርባሉ። ሁሉንም ወራሾች ስም መጥራት ነው፤ በሌላ ከተማ ያለችውን የመጀመሪያ ሚስት ልጅ መዝለል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል። ልጅቷ መብቷንና ንብረቱ በማን እጅ እንደሆነ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት የመክሰስ ጊዜ አላት፤ ማረጋገጫው ይሰረዛል፣ የተሸጠው ቤት ጣጣ ያመጣል።

ማረጋገጫው ወራሽ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን ንብረት እንዳለ አይናገርም። ዕዳ ካለ፣ የጋራ ሀብት ካልተለየ ወይም ወራሾች ካልተስማሙ የውርሱን ሀብትና ዕዳ የሚለይ የውርስ አጣሪ እንዲሾም ጠይቁ። ወራሾቹ ከተስማሙ ደግሞ ክፍፍሉን በጽሑፍ አድርገው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስላለበት ውልና ማስረጃ አስመዝግበው፣ ከዚያ ወደ መሬት አስተዳደርና ባንክ ይሂዱ። የእድር ደብተሩንም ማየት ነው፤ እናት በአባት ስም የነበረውን እድር በራሳቸው ስም ካላዞሩ፣ መዋጮው ሳይከፈል ቆይቶ ከአባልነት ሊሰረዙ ይችላሉ።